የመንገድ ላይ ድንጋይና የአጥንት ሰደቃ

 

ሱረቱል ቂያማህን የማያውቅ በመካከላችን ብዙ አይኖርም። በቁርኣን ቅደም ተከተል ሰባ አምስተኛዋ ሱራ ናት። አጭር በመሆኗም ብዙዎቻችን ገና በልጅነታችን ቁርኣን ቤት ሳለን ሐፍዘናታል። ይህች ሱራ መግቢያዋ ላይ ስለ አጥንት ታነሳለች። ሰው ሞቶ አጥንቱ ከተበታተነ በኋላ ተመልሶ አይሰበሰብም ብሎ መገመቱን አላህ (ሱ.ወ) ይነቅፍበታል፤ አጥንቱን ቀርቶ የጣቶቹን ጫፍ እንኳ እንደነበሩ አስተካክሎ ለመመለስ ቻይ መሆኑን ይነግረዋል። ወደ ማለቂያዋ ደግሞ የሞትን ሰዓት ስታሳይ፣ ነፍስ ከገላ እየለቀቀች ወጥታ የምትደርስበትን ቦታ በስሙ ትጠራዋለች፤ ተራቂ።

ተራቂ ምንድን ነው? ነጠላው ተርቁዋ ይባላል። ከአንገታችን ሥር፣ ከደረት መሐል ተነስቶ እስከ ትከሻ ጫፍ የሚዘረጋው ቀጭኑ አጥንት ነው። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ አለ። ሐኪሞች ክላቪክል ይሉታል። እስኪ አሁን ጋዜጣውን በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው ጣትህ ዳሰው፤ ከቆዳህ በታች ምንም ሥጋ ሳይጋርደው ታገኘዋለህ። ቀጭን ነው ብለህ ግን አትናቀው። ክንዳችን ከቀረው አካላችን ጋር በአጥንት የሚገናኘው በእርሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጡንቻና ጅማት ነው። ከሥሩ ወደ ክንድ የሚሄደው ትልቁ የደም ሥርና የነርቮች ጥቅል ያልፋሉ። ጽንስ በእናቱ ማኅፀን ሳለ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ከሁሉም አጥንት ቀድሞ መጠንከር የሚጀምረው ይኸው ነው። ጫፉ ሙሉ ለሙሉ ገጥሞ የሚያበቃው ግን ሰውየው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ከሁሉ ቀድሞ ይጀምራል፣ ከሁሉ ዘግይቶ ይጨርሳል፤ ሲሰበር ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። ከብስክሌት፣ ከፈረስ፣ ከበቅሎ በትከሻው የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰበርበት ይህ አጥንት ነው።

እኔም ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በየካቲት ወር ለሥራ ወደ ምዕራብ ጎጃም ሄጄ ቡሬ ከተማ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ብስክሌት ተከራይቼ ወደ ማንኩሳ አቅጣጫ ወጣሁ። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው አስፋልት ከ30 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ማንኩሳ በመካከሉ ትገኛለች። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን የጀመሩባት ማንኩሳ ናት። መሬቱ ለም ነው፤ በክረምት ግራና ቀኙ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ነው፤ በበጋ ደግሞ ምርቱን ጭነው ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ዳር የሚከንፉ ኤፍኤስአሮችና ተሳቢዎች መንገዱን ይሞሉታል። በዚያ መንገድ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከሚያልቅበት ጠመዝማዛ አጠገብ፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህሉ አራት ድንጋዮች ተደርድረው ነበር። የፊት ጎማዬ አንደኛውን መታው። በቀኝ ትከሻዬ አስፋልቱ ላይ አረፍኩ።

ድንጋዮቹን ማን አስቀመጣቸው? አንባቢ የአገራችንን አውራ ጎዳና የሚያውቅ ከሆነ መልሱን አያጣውም። የጭነት መኪና ተበላሽቶ ይቆማል። ረዳቱ ይወርድና እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር፣ ሌላ መኪና መጥቶ እንዳይገጨው ደግሞ ከኋላው መንገዱ ላይ ድንጋይ ይደረድራል። ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። መኪናው ተሠርቶ ሲነሳ ግን ሾፌሩ ጋዝ ይሰጣል፣ ረዳቱ ዘሎ ይሳፈራል፣ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። እነርሱን ከአደጋ የጠበቀው ድንጋይ ለሚከተለው ሰው አደጋ ሆኖ ያድራል። ሌሊት መብራት በሌለበት መንገድ ስንቱ ሞተር ብስክሌት፣ ስንቱ ባጃጅ በእንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ እንደተገለበጠ በየመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ ያውቀዋል።

ስለ ሕመሙ ብዙ አልናገርም። ከእርሻ የሚመለሱ ሁለት ሰዎች አነሱኝ። አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ክንዴን ከደረቴ ጋር አሰሩልኝ። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይማርህ፤ እጅህን ብቻ አታንቀሳቅሰው» አሉኝ። ስሜን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ሙስሊም መሆኔን ከስሜ ሲረዱ «እንግዲያ አላህ ያሽርህ ልበልህ» ብለው ፈገግ አሉ። ያ የጋቢ አስተሳሰር፣ በኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ በሰለጠነ አገር የመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርስ ከሚያስተምሩት የተለየ አልነበረም።

በመንገዳችን ላይ ወጌሻ ነበርና ወደዚያ እንሂድ ያለ አልጠፋም። ስለ ወጌሻ እዚህ ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ፤ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ሰው ትከሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአገራችን ወጌሻ ክቡር ሙያ ነው፤ ሆስፒታል ባልነበረበት ዘመን ስንቱን ያቆመ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ እጅ ነው። የወለቀ ክርን የሚመልሱ፣ እጃቸው እንደ ራጅ የሚያይ አዋቂዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን የተሰበረ ክንድና እግር በቀርከሃ ስንጣሪ አጥብቆ ታስሮ፣ ደም መድረስ አቅቶት፣ ሥጋው ሞቶ ወደ ሆስፒታል የሚመጣ ሕፃን በአገራችን አለ፤ የሕፃናት እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው መሆኑን የአጥንት ሐኪሞቻችን ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። የታሰረ ክንድ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ «ሊጠገን ሲል ነው የሚያመው» ብሎ መታገስ ሶብር አይደለም። ማሰሪያውን በዚያው ሰዓት መፍታትና ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላሉም። አቡ ዳዉድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሕክምና የማያውቅ ሆኖ ሳለ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ አስተምረዋል። ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት የተነገረ የሙያ ተጠያቂነት ሕግ ነው። የእስልምና ሥልጣኔ ባበበ ጊዜም ሙስሊሞች አጥንት መጠገንን ለልማድ ብቻ አልተዉትም። በኮርዶባ አቅራቢያ የኖረው አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ሠላሳ ክፍል ያለው ትልቅ የሕክምና ድርሳን ጽፎ የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥቶታል፤ በዚያም ውስጥ ስብራትና ውልቃት ለብቻቸው ተተንትነዋል፤ ይህ የእኛ ተርቁዋም የራሱ ቦታ አለው። ያ መጽሐፍ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮጳውያን ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ተምረውበታል። እንግዲህ «ሙስሊም በአላህ ተወክሎ ይተኛል እንጂ ቢላዋ አይነካውም» የሚሉ ወንድሞች ይህን ተወኩል ከየት እንዳመጡት ሊነግሩን ይገባል። የገጠር ሰዎች መጥተው እንታከም ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ታከሙ፣ አላህ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ የለም የሚል መልስ የሰጡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ናቸውና።

የኔ ስብራት አጥንቱ ተሻግሮ፣ ጫፉ ቆዳዬን ወደ ላይ ገፍቶት ነበር። ሁሉም የተርቁዋ ስብራት ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። አብዛኛው ክንድን በማንጠልጠያ ይዞ በመታገስ ይድናል። በወሊድ ጊዜ የሚሰበር የጨቅላ አጥንት ደግሞ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ምንም ሳይደረግለት ይገጥማል፤ ሱብሓነላህ! ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ሲወጣ ወይም ሊቀድ ሲደርስ፣ ሥሩ ያለው የደም ሥር ወይም ነርቭ ሲነካ፣ ጫፍና ጫፉ ርቆ ወይም ተደራርቦ በሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲያጥር ነው። እኔን ወደ ባሕር ዳር ላኩኝና በማደንዘዣ ተኝቼ በጠፍጣፋ ብረትና በብሎን አጋጠሙት። ብረቱ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። አንዳንድ ዘመዶቼ «ብረት ይዘህ ስትቀበር እንዴት ይሆናል?» ብለው ተጨንቀው ጠይቀውኛል። የጣትን ጫፍ አስተካክሎ የሚመልስ ጌታ ስምንት ብሎን ያስቸግረዋል ብዬ አልፈራም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው ሰውን የሚፈትኑት። በቀኝ ጎን መተኛት ሱና ነው፤ ቀኝ ጎን ግን ተሰብሯል። በቀኝ እጅ መብላት ሱና ነው፤ ቀኝ እጅ ግን ታስሯል። ሶላቱስ? አንድ መልካም አሳቢ ጎረቤት መጥቶ «ሱጁድህ በሁለቱም መዳፍ ካልሆነ ሶላትህ አልሞላም፤ ቀዷ ታወጣለህ» አለኝ። ሌላው ደግሞ ሐኪሙ ስፌቱን ውኃ እንዳይነካው ያለውን ቸል ብዬ ገላዬን በሙሉ ካልታጠብኩ ጀናባዬ እንደማይነሳ ፈትዋ ሰጠኝ። ሁለቱም ሰዎች ክፋት የላቸውም።

ውድ አንባቢ! ጃቢር ያወሩትን፣ አቡ ዳዉድ የዘገቡትን ታሪክ ልንገርህ። ሶሐቦች ለጉዞ ወጥተው ሳለ አንደኛው ጭንቅላቱን ድንጋይ መትቶ አቆሰለው። ልብ በል፣ እዚህም ድንጋይ ነው። ከዚያም ሌሊት ገላውን መታጠብ የሚያስፈልገው ሆነ። ባልደረቦቹን «ተየሙም ይበቃኛል ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ውኃ እያለ አይበቃህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ወሬው ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ እጅግ ተቆጡ፤ ገደሉት አሉ። ካላወቁ ለምን አልጠየቁም፣ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ ነው ብለው ገሰጹ። እነዚያ ሰዎች ሰካራሞች ወይም ሙናፊቆች አልነበሩም። ዲን ያጠበቁ መስሏቸው ነው ወንድማቸውን ለሞት የዳረጉት። እንግዲህ ከቀዶ ሕክምና የተነሳ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ያለ ዕውቀት ፈትዋ የሚሰጥ ሁሉ ይህችን ቁጣ ያስታውስ።

የዑለሞች ትምህርት ግልጽ ነው። ቁስል ወይም ማሰሪያ ያለበት ሰው ውኃ የሚጎዳውን ቦታ አያጥብም፤ በፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ያብሳል ወይም ተየሙም ያደርጋል፤ አራቱ መዝሀቦች በዝርዝሩ ይለያዩ እንጂ መሠረቱን ሁሉም ተቀብለውታል። ዝርዝሩን ከሚያውቅ ዓሊም ጠይቅ። ለውዱእ ከሆነ ተርቁዋ ከሚታጠቡት አካላት ውስጥ አይደለም፤ ችግሩ በአንድ እጅ መታጠቡ ነው፤ ሰው ውኃ ቢያፈስልህ ነውር የለበትም፤ ለረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሙጊራ ውኃ አፍስሰውላቸዋል። ሱጁድን በተመለከተ በሰባት አጥንቶች ላይ እንድንሰግድ መታዘዛችን እውነት ነው፤ ግንባር፣ ሁለት እጆች፣ ሁለት ጉልበቶች፣ ሁለት የእግር ጫፎች። ነገር ግን አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። ዒምራን ቢን ሑሰይን ሕመም በያዛቸው ጊዜ ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክ በጎንህ ተባሉ፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። አንድ መዳፍ መሬት መንካት ያልቻለ ሰው በስድስቱ ይሰግዳል።

ከሁሉ በላይ ያጽናናኝ ግን አነስ ቢን ማሊክ ያወሩት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከፈረስ ወድቀው ቀኝ ጎናቸው ተላጠ። ሶሐቦች ሊጠይቋቸው መጡ። የሶላት ሰዓት ደረሰ፤ ተቀምጠው አሰገዷቸው። የፍጥረታት ሁሉ አለቃ የሆኑት ሰው፣ ልክ እንደማንኛችንም፣ ከግልቢያ ላይ ወድቀው ቆዳቸው ተልጦ ጠያቂ ተቀብለዋል። ያለ ጉዳት የሚነሱበት ተአምር ሊወርድላቸው ይችል ነበር። አልወረደም። በቀኝ ጎኔ ሕመም እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች ይህን ሐዲስ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የታመመ ወይም መንገደኛ የሆነ ሰው ጤነኛና ቤቱ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ሁሉ ይጻፍለታል የሚለውን የአቡ ሙሳን ሐዲስ ሲጨምሩበት ደግሞ፣ ታማሚም መንገደኛም ለነበርኩት ለኔ ድርብ ስጦታ ሆነልኝ።

ስለ ጠያቂዎቼ ጥቂት ልበል። በአገራችን የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። አልጋዬ አጠገብ ያሉት የሌሎች ሕሙማን ቤተሰቦች ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ለእነርሱ የመጣው አጥሚት ለኔም ይቀዳ ነበር። የጾም ወቅት ስለነበር ለታማሚያቸው ካልሆነ በቀር እነርሱ አይቀምሱም፤ ለኔ ግን «አንተ ሙስሊም ነህ፣ ጠጣ» እያሉ ያቀርቡልኛል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግላቸው የነበረውን የአይሁድ ልጅ ታሞ ሳለ ራስጌው ተቀምጠው መጠየቃቸውን ስናወራ፣ ጎረቤቶቻችን ለኛ የሚያደርጉትንም መቁጠር አለብን። ሌላው ነገር ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፤ የሚመጣው ሁሉ መድኃኒት አዛዥ ነው። አንዱ አብሽ፣ አንዱ ተልባ፣ አንዱ የበግ ቅልጥም። አብሹን ጠጥቻለሁ፤ ቅልጥሙንም አልመለስኩትም። ከመግሪብ ተነስቶ እስከ ዒሻ ሳይነሳ የሚጠይቅ እንግዳ ግን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዚያራ አጭር ሲሆን እንደሚያምር ቢያስብበት።

ስፖርት የሚከታተል ወጣት አንባቢ «ተርቁዋ ተሰበረ ተብሎ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ይል ይሆናል። በቱር ደ ፍራንስ ሲወድቁና ሲነሱ በቴሌቪዥን አይቷል። እንግሊዛዊው ማርክ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ2023 በውድድሩ ስምንተኛ ቀን ወድቆ ይህንኑ አጥንት ሰበረ፤ በዓመቱ ተመልሶ 35ኛ የቀን ድሉን በማግኘት የኤዲ መርክስን ክብረ ወሰን አለፈ። ዴንማርካዊው ዮናስ ቪንጌጎር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በስፔን ባስክ ግዛት ወድቆ ከተርቁዋው ሌላ ጎድኑም ተሰብሮ ሳንባው ተጎድቶ ነበር፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ቱር ደ ፍራንስን ጀምሮ ሁለተኛ ወጣ። በዚህ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የተወዳደረው የእኛው ጽጋቡ ግርማይ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን የሚከተላቸው ሐኪም፣ የሚያሻቸው ባለሙያ፣ የሚመግባቸው ቡድን አለ። እርሻውን ወይም ሚዛኑን ትቶ የተኛ የጃቢ ጠህናን ገበሬ፣ የቡሬ ነጋዴ ማን አለው? አጥንቱ ለመግጠም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ እርፍ ለመጨበጥ፣ ኩንታል ለመሸከም ከዚያም በላይ። ስብራቱ በሰኔ ከሆነ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። ዘመድና ጎረቤት በወንፈልና በደቦ ካላረሰለት ልጆቹ ይራባሉ። አንድ በመንገድ ላይ የተረሳ ድንጋይ የአንድን ቤት የዓመት እህል ይበላል።

የወደቀ ሰው ወደ ሐኪም የሚደርስበት መንገድም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ሰዎች ተናግረዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የተጻፈለት ሰው ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይተኛል። ስለዚህ ስብራትን መከላከል ከማከም ይልቅ በእጃችን ያለ ነገር ነው፤ ወደ ድንጋዩ የምመለሰውም ለዚህ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያወሩትንና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ሰው በ360 መገጣጠሚያዎች ላይ ተፈጥሯል፤ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ሰደቃ አለበት። አላህን ያላቀ፣ ያመሰገነ፣ ምሕረት የለመነ፣ በመልካም ያዘዘ፣ ከመጥፎ የከለከለ፣ ደግሞም ከሰዎች መንገድ ላይ ድንጋይ ወይም እሾህ ወይም አጥንት ያስወገደ፣ በዚያ ቁጥር ልክ ሠርቶ ከሆነ በዚያን ቀን ነፍሱን ከእሳት አርቆ ይሄዳል። 360 የሚለውን ከዘመናችን የሐኪሞች ቆጠራ ጋር ለማስታረቅ የሚደክሙ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ለተገጣጠመው አጥንትህ የምትከፍለው ሰደቃ የሌላውን አጥንት የሚሰብረውን ድንጋይ ማንሳት ሆኖ በስሙ መጠቀሱ ነው። በሌላ ሐዲስ ኢማን ከሰባ በላይ ቅርንጫፍ እንዳለው፣ ዝቅተኛው ጉዳትን ከመንገድ ማስወገድ እንደሆነ ተነግሯል። አንድ ሰው በመንገድ ያገኘውን የእሾህ ቅርንጫፍ ስላነሳ ብቻ አላህ እንደማረውም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እንግዲህ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ የሌለው ሰው ከፍተኛውን እንዴት ይይዛል?

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኸዋሪጆች ሲናገሩ ቁርኣን ይቀራሉ፣ ቂርኣታቸው ግን ተራቂያቸውን አያልፍም ብለዋል። ያው ተራቂ! ድምፁ ከጉሮሮ ይወጣል፣ ከዚያ አጥንት በታች ወዳለው ልብ ግን አይወርድም። የኢማን ቅርንጫፎችን ሐዲስ በኹጥባ ሰምቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ወጥቶ መኪናውን ሲያስነሳ ድንጋዩን እዚያው የሚተው ሰው ይህ ቃል አይመለከተኝም ማለት ይችላልን? የሞተ ሰው አጥንት መስበር የሕያውን እንደመስበር ነው ተብሎ ተከልክለናል፤ ሕያውን በቸልታ የሚሰብርስ?

ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል የጭነት መኪና ባለቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በደጀንም በቡሬም በነቀምትም መንገድ የሚመላለሰው ጭነት ውስጥ የሙስሊም ነጋዴ እጅ አለበት። ሾፌርህን ዛሬ ጥራው። ለመኪናው ሁለት የእንጨት ታኮ አሠራለት፤ አንድ አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። የሚያንጸባርቀውን ሦስት ማዕዘን ምልክትም ግዛለትና ከወንበሩ ሥር ያኑረው። ታኮዎቹን ቀዳና ጠንካራ ገመድ አግባባቸው፤ የገመዱን ሌላኛ ጫፍ መኪናው አካል ላይ እሰረው። እንዲህ ከሆነ ረዳቱ ቢረሳ እንኳ መኪናው ሲነሳ ታኮው ተከትሎት ይሄዳል፤ እየተንጓጓም ያስታውሰዋል። በየጁምዓው ከአስፋልት ዳር መስጊድ ሰግደው የሚወጡ ወጣቶችም ግማሽ ሰዓት ወስደው ከከተማቸው መግቢያ እስከ መውጫው ያለውን መንገድ ይመልከቱት። ድንጋዩን ሲያነሱ ወደ ቦዩ አይወርውሩት፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ መልሶ ያወጣዋል። ወደ አጥሩ ማዶ ያሻግሩት።